ወንጌሉን ተሳለምነው፤ ግን ሰማነው?

ባለፈው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ከነበረ አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎት። መልሱን ለእኔ ሳይሆን ለራስዎ ይስጡ። የተነበበው ወንጌል የትኛው ነበር? ስለ ምንስ ይናገር ነበር? ማን አዲስ መኪና ይዞ እንደ መጣ፣ የማን ልጅ ክርስትና እንደ ተነሣ፣ ለሕንፃው ግዥ ስንት ሺህ እንደ ጎደለ ሳንጠየቅ እንናገራለን። ንባቡን ግን ገና ጠበል ጸዲቁን ሳንቀምስ ረስተነዋል። ይህ የሆነው የማስታወስ ችሎታችን ደክሞ አይደለም። መጀመሪያውኑ ስላልሰማነው ነው።

ይህ ጽሑፍ ሙግት ነው፤ ስለዚህ ነገሩን ሳልሸፋፍን ልናገር። ቅዱሳት መጻሕፍት ሲነበቡ እህ ብሎ፣ ልብ ብሎ መስማት ራሱን የቻለ የእምነት ሥራ ነው፤ እንደ ጾሙ፣ እንደ ጸሎቱ፣ እንደ ምጽዋቱ ሁሉ። በባዕድ አገር የምንኖር ክርስቲያኖች፣ ኦርቶዶክስም ሆንን ካቶሊክ ወይም ፕሮቴስታንት፣ ይህን ሥራ ቀስ በቀስ ትተነዋል። ትተነውም ሳለ የተውነው አይመስለንም፤ መጽሐፉ በቤታችን፣ በመኪናችን፣ በኪሳችን ስላለ።

እስቲ ከመጽሐፉ እንነሣ። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 6 ሙሴ ለእስራኤል ታላቁን ትእዛዝ ሲሰጥ የሚቀድመው ቃል «ስማ» የሚለው ነው፤ «ውደድ» የሚለው የሚመጣው ከእርሱ በኋላ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስም በሮሜ መልእክቱ ምዕራፍ 10 እምነት የሚመጣው በመስማት በኩል እንደ ሆነ ያስተምራል። ጌታችን የዘሪውን ምሳሌ ሲናገር ዘሩ አንድ ነው፣ መሬቱ ግን አራት ዓይነት ነው፤ አራቱም መሬቶች አራት ዓይነት ሰሚዎች ናቸው። ወንጌላዊው ሉቃስ ከዚሁ ምሳሌ ጋር አያይዞ፣ በምዕራፍ 8፣ ጌታ ደቀ መዛሙርቱን እንዴት እንደሚሰሙ እንዲጠነቀቁ እንዳዘዛቸው ጽፏል። «እንዴት» የምትለዋን ቃል ልብ ይሏል። ቃሉ ጆሯችን አጠገብ ማለፉ ብቻ አልበቃም፤ አሰማማችንም ይመረመራል። የዮሐንስ ራእይ ደግሞ ገና ከመክፈቻው ብፁዕነትን የሚሰጠው ለአንድ አንባቢ እና ለብዙ ሰሚዎች ነው። ያን ጊዜ ቃሉ ለምእመናን የሚደርሰው አንዱ ጮክ ብሎ ሲያነብ ሌላው ሲያደምጥ ነበርና።

የእኛው ታሪክ ከዚህ የተለየ አይደለም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተጻፈውን ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ሁላችንም እንኮራበታለን። የንግሥት ህንደኬ ባለሥልጣን፣ በገንዘቧ ሁሉ ላይ የተሾመ ሰው ነበር። ነገር ግን በሠረገላው ተቀምጦ ትንቢተ ኢሳይያስን ሲያነብ ፊልጶስ ቀርቦ የምታነበውን ታስተውለዋለህን ብሎ በጠየቀው ጊዜ «እኔ የተማርኩ ነኝ» አላለም። የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት ይቻለኛል ብሎ ሰውየውን ወደ ሠረገላው አወጣው፤ ከዚያም ሰማ። ፊልጶስ ሊጠይቀው የቻለው እኮ ሰውየው ድምፁን አሰምቶ ሲያነብ ሰምቶት ነው። እኛ የጃንደረባውን ማዕረግ እንጠቅሳለን፣ ጥምቀቱንም እንዘክራለን፤ በመካከል ያለውን ትሑት ጆሮ ግን እንዘልለዋለን።

ከዚያም በኋላ በአገራችን ለብዙ መቶ ዓመታት እምነት የተላለፈው በጆሮ ነው። መጽሐፍ ማለት የብዙ በግና ፍየል ቆዳ ተፍቆ፣ ቀለም ተበጥብጦ፣ አንድ ጸሐፊ ወራት ሙሉ ጎንበስ ብሎ የሚጨርሰው ነገር ነበር። ከአድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙትን ወንጌሎች ያስቡ፤ ብራናቸው በሳይንስ ተመርምሮ ዕድሜያቸው ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ እንደሚወድቅ ታውቋል። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ በቤቱ የሚያስቀምጥ ገበሬ አልነበረም። ገበሬው የሚያገኘው ሲነበብ ሰምቶ ነው፤ ስለዚህ ጆሮው የሠለጠነ ነበር። በመጻሕፍት ቤትም አንድምታው የተላለፈው መምህሩ ከቃሉ ሲያወርደው ተማሪው ዙሪያውን ከብቦ እየሰማ ነው። ዓይነ ስውራን ሆነው ታላላቅ መምህራን የወጡትም በጆሯቸው ተምረው ነው።

ስደተኛ ለመጽሐፍ ምን ያህል እንደ ደከመም እናውቃለን። ከደብረ ሊባኖስ የወጡት አባ ተስፋ ጽዮን አገራቸው በጦርነት ስትነድድ ሮም ላይ፣ በቅዱስ እስጢፋኖስ የኢትዮጵያውያን ገዳም ተቀምጠው፣ በ1548 እና በ1549 እ.ኤ.አ. የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን በማተሚያ ቤት አሳትመዋል። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስም ተጠናቅቆ በ1840 እ.ኤ.አ. የታተመው ከአገር ውጭ ነው፤ የትርጉሙን ሥራ የፈጸሙት ካይሮ የነበሩት አባ አብርሃም ናቸው፤ ፈረንጆቹ አቡ ሩሚ ይሏቸዋል። እነዚህ ሰዎች በባዕድ አገር የደከሙት እኛ መጽሐፉን በሳሎን መደርደሪያ ላይ ከአርቴፊሻል አበባ ጎን እንድናቆመው ነበርን?

አሁን ወደ ቅዳሴው እንምጣ። አባቶቻችን ንባቡን እንዴት እንደ ሠሩት ይመልከቱ። ዲያቆኑ ከቅዱስ ጳውሎስ መልእክታት ያነባል። ንፍቅ ዲያቆኑ ከያዕቆብ፣ ከጴጥሮስ፣ ከዮሐንስና ከይሁዳ መልእክታት ያነባል። ንፍቅ ካህኑ ከሐዋርያት ሥራ ያነባል። ከዚያ ከመዝሙረ ዳዊት ምስባኩ ይሰበካል፤ በመጨረሻም ካህኑ ወንጌሉን ያነባል። ንኡሰ ክርስቲያን ውጡ የሚባለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ይህም ማለት ገና ያልተጠመቀ፣ ሥጋ ወደሙን ሊቀበል የማይችል ሰው እንኳ ንባቡን ይሰማ ዘንድ ይጋበዛል ማለት ነው። ጆሮ ላለው ሁሉ የተዘረጋ ማዕድ ነው።

ታዲያ ይህ ማዕድ በሚቀርብበት ሰዓት እኛ የት ነን? ገሚሶቻችን መኪና ማቆሚያ ቦታ እየፈለግን ነው። ገሚሶቻችን በር ላይ ጉንጭ ለጉንጭ እየተሳሳምን «ጠፋሽ እኮ» እየተባባልን ነው። ውስጥ የገባነውም ስልካችንን ከነጠላችን ሥር እናያለን። ከዚያ ወንጌሉ ሲመጣ ግን ተጋፍተን እንሳለመዋለን! በከንፈራችን የምናከብረውን መጽሐፍ በጆሯችን ንቀነዋል። መሳለሙ የአባቶች ሥርዓት ነው፤ እኔም አልነቅፈውም። ነገር ግን ከአባት የመጣን ደብዳቤ ስሞ ሳያነብ ወደ መሳቢያ የሚከት ልጅ አባቱን ይወዳል ብንል ማን ያምነናል?

የፕሮቴስታንት ወገኖቼም በዚህ አንባቢው እነ እገሌን ነካልን ብለው ደስ አይበላቸው። መጽሐፍ ቅዱስ ብቻ የሚለውን መርሕ ይዘው የተነሡ አብያተ ክርስቲያናት ዛሬ በጉባኤያቸው መጽሐፍ ቅዱስ ሲነበብ የሚሰማው ስንት ደቂቃ ነው? መዝሙሩ አንድ ሰዓት፣ ምስክርነቱና ማስታወቂያው ግማሽ ሰዓት፣ ስብከቱ አንድ ሰዓት ይሆናል። ንባቡ ግን ሁለት ቁጥር ነው፤ እርሱም ሰባኪው አስቀድሞ ሊናገር ያሰበውን እንዲያጸናለት ተመርጦ የመጣ ነው። በኦርቶዶክሱም ዐውደ ምሕረት ይኸው ልማድ ገብቷል። አንድ ቃል ከመካከል መዝዞ፣ ቀሪውን ትቶ፣ ጩኸቱን አብዝቶ መውረድ ስብከት ከተባለ ዓመታት አልፈዋል። ሰባኪ ከሁሉ በፊት ሰሚ መሆን አለበት። ያልሰማ ሰው የሚያሰማው ምንድን ነው? በጥንት ጊዜ አዋጅ ነጋሪው ነጋሪቱን ጎስሞ የሰማህ ላልሰማ አሰማ ይል ነበር፤ ያልሰማህ አሰማ አላለም።

ከሁሉ የከፋው ግን ጥቅስ ለቃሚው ነው። ይህ ሰው መጽሐፉን የሚከፍተው ጠጠር እንደሚለቅም ሰው ነው፤ የሚወረውርበት ሰው አስቀድሞ ተመርጧል። ለሚስቱ የሚሆን ጥቅስ አለው፤ ለአማቱም አለው፤ በኮሚቴው ምርጫ ለተቃወመውም አለው። ለራሱ የሚሆን ግን አንድም አላገኘም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላል ያገራችን ሰው። በዚህ ነገር ተረቱ እውነት ሆኗል፤ ስለ እኛ የተነገረውን ሁሉም ሰምቶታል፣ ከእኛ በስተቀር።

በዚህ ነገር የጠፋው ቀላል አይደለም፤ አንድ ምሳሌ ልስጥ። ከ1980ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ በዋሽንግተን ዲሲ በሐምሌ 2010 ዓ.ም. እርቅ እስኪወርድ ድረስ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በሁለት ሲኖዶስ ተከፍላ ከሩብ ምእት ዓመት በላይ ቆይታለች። በውጭ አገር በአንድ ከተማ ያሉ ሁለት አጥቢያዎች ተወጋግዘው፣ ወንድም ከወንድሙ ሠርግ ቀርቶ፣ እናት ከልጇ ተለይታ አስቀድሳለች። የመለያየቱን ምክንያት ታሪክ ጸሐፊዎች ይመርምሩት። እኔ የምለው ይህን ነው፤ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ በሁለቱም ወገን የነበረው ግጻዌ አንድ ነበር። የየዕለቱን ንባብ የሚወስነው መጽሐፍ አልተከፈለም። በዚያው እሑድ፣ በዚያው ከተማ፣ እዚህም እዚያም ያው ወንጌል ይነበብ ነበር። መሥዋዕትህን ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ታረቅ የሚለው የማቴዎስ ምዕራፍ 5 ትምህርት በሁለቱም ቅጥር ውስጥ ተሰምቷል፤ ተነብቧል ብል ይሻላል። ያነበበው ዲያቆን ወይም ካህን አንድ ቀን ቀና ብሎ ሕዝቡን፣ ሕዝቡም እርሱን አይቶ «ይህ እኮ ለእኛ ነው» ቢባባሉ ኖሮ እርቁ ያን ያህል ዓመት በጠበቀ ነበርን?

ቋንቋችን ራሱ ይመሰክርብናል። መስማማት የሚለው ቃል የመጣው ከመስማት ነው። እርስ በርሱ የማይሰማ ሰው አይስማማም፤ አንድ ላይ ቃሉን ያልሰማ ጉባኤም እርስ በርሱ አይሰማም። በየከተማው በየዓመቱ ሲሰነጠቁ የምናያቸው አብያተ ክርስቲያናት፣ የኦርቶዶክሱም የፕሮቴስታንቱም፣ የጎደላቸው ሕንፃ ወይም መተዳደሪያ ደንብ ብቻ አይመስለኝም።

ሁለተኛ ምሳሌ። በዐቢይ ጾም አራተኛውን እሑድ መጻጉዕ እንለዋለን። የሚነበበው የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ነው፤ 38 ዓመት በደዌ የተያዘ ሰው በመጠመቂያይቱ አጠገብ ተኝቶ ነበር። ጌታ ልትድን ትወዳለህን ሲለው ሰውየው አዎን ወይም አይደለም አላለም። ሰው የለኝም አለ። ይህን ቃል እስቲ ዛሬ በስደት አገር ይስሙት። ከፊታችን የቆመችው ሴት ሁለት ፈረቃ ሠርታ የመጣች፣ ባሏ የተለያት፣ ታማ የሚጠይቃት ያጣች ልትሆን ትችላለች። ከኋላ ግድግዳውን ተደግፎ የሚያስቀድሰው ወጣት ወረቀት አልባ ሆኖ ጉዳዩን በጭንቀት የሚጠብቅ ሊሆን ይችላል። ሰው የለኝም የሚለው ቃል በአምስቱ መመላለሻዎች መካከል ብቻ ሳይሆን በእኛ መካከልም ይባላል፤ ያውም በልብ። ንባቡን የሰማ ሰው ከቅዳሴ በኋላ ወደዚያች ሴት ዞር ብሎ «እንዴት ነሽ እኅቴ» ይላል። ያልሰማ ሰው ወደ መኪናው ይሮጣል። ልዩነቱ ይህን ያህል ነው።

የሚነሡትን መከራከሪያዎች አውቃቸዋለሁ። የመጀመሪያው «ግዕዙ አይገባንም» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ግዕዙ ለአብዛኞቻችን አይገባም፤ ነገር ግን በብዙ አጥቢያዎች ንባቡ በአማርኛም ይነበባል። የሚገባንን አማርኛ ሳንሰማ ስለማይገባን ግዕዝ ማማረር ሰበብ ነው። ሌሎች ደግሞ «ባይገባንም በረከቱ ይደርሰናል» ይላሉ። የቅዱስ ቃል ድምፅ በረከት እንዳለው አልክድም። ነገር ግን ጳውሎስ በቆሮንቶስ አንደኛ መልእክቱ ምዕራፍ 14 በማይታወቅ ልሳን ከሚነገር እልፍ ቃል ይልቅ ሌላውን የሚያስተምር አምስት የሚገባ ቃል መርጧል። በረከትን ከማስተዋል የሚለይ ሐዋርያ አላውቅም።

ሁለተኛው «ደክሞኝ ነው» የሚል ነው። ይህን እቀበላለሁ። ሌሊቱን በሆስፒታል ወይም በታክሲ ሲሠራ አድሮ ለመጣ ሰው መጽሐፉ ራሱ ምሕረት አለው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 20 አውጤኪስ የሚባል ጎልማሳ ጳውሎስ ትምህርቱን ሲያስረዝም እንቅልፍ ወስዶት ከሦስተኛው ደርብ ወደቀ። ጳውሎስ ወርዶ አቀፈው እንጂ አልተቆጣውም፤ ልጁም ዳነ። ደክሞት የሚያንቀላፋ ወንድም እንግዲህ ይታቀፍ። እኔ የምሟገተው ነቅቶ ከሚያወራው ጋር ነው።

ሦስተኛው «መጽሐፍ ቅዱስ በስልኬ አለ፤ ቤቴ አነባለሁ» የሚል ነው። ቢያነቡ መልካም ነው። ነገር ግን ብቻዎን ሲያነቡ የሚያነቡትን የሚመርጡት እርስዎ ነዎት፤ የሚከብድዎትን በጣትዎ ገፋ አድርገው ያልፉታል። ግጻዌው ግን አያማክርዎትም። ሀብታሙን ስለ አልዓዛር፣ ያኮረፈውን ስለ ይቅርታ፣ ኩሩውን ስለ ቀራጩ ጸሎት ያሰማዋል፤ ያውም ጎረቤቱ አጠገቡ ቆሞ ሳለ። ያልመረጡትን ቃል ከሌሎች ጋር ቆሞ መቀበል ብቻውን አንድ ትሕትና ነው።

አሁን ስለ ልጆቻችን። በዚህ አገር የተወለዱት ልጆቻችን ሦስት ሰዓት ሙሉ የማይገባቸውን ሲሰሙ ይቆማሉ፤ ቢቁነጠነጡ እንቆጣቸዋለን። መጽሐፈ ነህምያን ይክፈቱ። ከባቢሎን ምርኮ የተመለሰው ሕዝብ፣ ወንዱም ሴቱም፣ በውኃ በር ፊት ባለው አደባባይ ተሰበሰበ። ዕዝራ ከማለዳ እስከ ቀትር ድረስ የሕጉን መጽሐፍ አነበበ፤ የሕዝቡም ጆሮ ወደ መጽሐፉ ያደምጥ ነበር። ሌዋውያን ግን ንባቡን ብቻ አልተዉትም፤ ትርጓሜውን እየሰጡ ሕዝቡ እንዲያስተውል አደረጉ። ሕዝቡ መጀመሪያ አለቀሰ፤ በኋላ አታልቅሱ ተብሎ በላ፣ ጠጣ፣ ላልተዘጋጀለትም እድል ፈንታ ላከ፤ እጅግም ደስ አለው፤ የተነገረው ቃል ገብቶታልና። በዚያው መጽሐፍ ምዕራፍ 13 የልጆቹ እኩሌታ የአባቶቻቸውን ቋንቋ መናገር እንዳልቻሉ ተጽፏል። ነህምያ የገሠጸው አባቶችን ነው እንጂ ልጆቹን አይደለም። እኛ ግን ተግሣጹን ለልጆቹ፣ ሰበቡን ለራሳችን አድርገነዋል። አማርኛ እናስተምራቸው፤ ግድ ነው። እስኪማሩ ድረስ ግን ወንጌሉ በሚያውቁት ቋንቋ ይነበብላቸው። አማርኛ እስኪችሉ ክርስቶስ ይቆያቸው ማለት ማንም አልተፈቀደለትም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የምለምነው ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር ነው። አንደኛ፣ ንባቡ ሳይጀመር እንድረስ። ሁለተኛ፣ የሚያነበው ሰው አስቀድሞ ይዘጋጅ፤ ክፍሉን ሦስት ጊዜ ሳያነብ ወደ አትሮንሱ አይቅረብ፤ ድሮ በንባብ ቤት ማንሣትና መጣል የሚሠለጠነው በከንቱ አልነበረም። ሦስተኛ፣ በፕሮቴስታንቱ ጉባኤ ሙሉ ምዕራፍ ያለ ማብራሪያ ይነበብ፤ ሰባኪውም ከሕዝቡ ጋር ተቀምጦ ይስማ። አራተኛ፣ ንባብ ሲካሄድ በር ላይ መሳሳም፣ ማስታወቂያ ማደል፣ ስልክ መነካካት ይቅር፤ ይህንንም አስተናጋጆች በትሕትና ያስከብሩ። አምስተኛ፣ እሑድ በማዕድ ላይ አባት ወይም እናት አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፤ ዛሬ ምን ሰማን? ልጅ መልስ ቢያጣ አይሰደብ፤ ወላጅ መልስ ቢያጣ ግን ይፈር። ስድስተኛ፣ ከሰማነው አንዲት ነገር በሳምንቱ ውስጥ እናድርግ። ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 1 ሰምቶ የማያደርገውን ሰው ፊቱን በመስተዋት አይቶ ሲሄድ ወዲያው መልኩን ከሚረሳ ሰው ጋር አመሳስሎታል።

በመጨረሻ ስለ እኅቶቻችን አንድ ነገር ልበል። በሳውዲ ዐረቢያ ቤተ ክርስቲያን ማነጽ አይፈቀድም። በዚያ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ክርስቲያን እኅታችን ንባብ መስማት ካማራት የምትሰማው የቤቱ ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ፣ በስልኳ፣ ድምፁን ቀንሳ ነው። ቆማ የምትሰማበት ቅጥር የላትም፤ ከጎኗ «አሜን» የሚል ሰው የላትም፤ ጊዜውም የእርሷ አይደለም። እርስዎ ግን ቅጥሩም፣ ካህኑም፣ ነጻነቱም አለዎት። በሚመጣው እሑድ ዲያቆኑ የጳውሎስን መልእክት ሊያነብ ሲቆም ጎንዎ ያለው ሰው ሊያጫውትዎ ቢጀምር እጁን ያዝ አድርገው «ቆይ፣ እንስማ» ይበሉት። ቢቀየምዎ ከቅዳሴ በኋላ ይታረቁታል።